የዓመቱ ጠርሙስ

እሑድ፣ ነሐሴ 18 — ከሰዓት 11፡00

ሦስት ጠርሙስ፣ ሦስት ብርጭቆ፣ አንድ ሰው። ፍልሰታ ከተፈታ ጀምሮ በየቀኑ አንድ አንድ ጉንጭ እያልኩ እያወዳደርኩ ነው። የደቡብ አፍሪካው ዛሬ ከትናንቱ ይሻላል። የጣልያኑ ስሙ ብቻ ነው ትልቅ። ሦስተኛው የዝዋይ ቀይ። ኮተቤ እናቴ ሰፈር ካለ ግሮሰሪ ነው የገዛሁት፤ ሻጩ ኮካ አብሬ ልስጥሽ ወይ ብሎኛል፣ ሰው የሚጠጣው ቀላቅሎ ነዋ። ሳስበው ሳስበው የዘንድሮ ጠርሙሴ ይኼ የዝዋዩ ሊሆን ነው። ይስቁብኝ።

አንቺ ደብተር ገና ከተገዛሽ ሳምንትሽ ነው፣ ምንም አታውቂም። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ። ስድስት ነን፣ ወይን ወዳጆች። በየወሩ እንደ ጽዋ ማኅበር ከቤት ቤት እየዞርን እንጠጣለን። ራሳችንንም “ማኅበር” ነው የምንለው። እናቴ እስከ ዛሬ የገብርኤል ማኅበርተኛ ነኝ ብላ ታምናለች፣ እኔም አላረምኳትም። በዓመት አንዴ፣ ጳጉሜ 3፣ ሁላችንም ጋሽ ይልማ ቤት እንወጣለን፤ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ የሚወስደው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል። ሁሉም የዓመቱን ምርጥ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል። ምንነቱ ሳይታወቅ ይቀመሳል። ከዚያ ጋዜጣው ይቀደድና ባለቤቱ ተነስቶ ለምን ይህን እንደመረጠ ይናገራል። አሸናፊው የሚለየው በጭብጨባ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ልጅ የለኝም፣ እህት ወንድም የለኝም። ያሉኝ ሰዎች እነዚህ ናቸው።

የዘንድሮው ችግር ጌ. ነው። ባሌ፣ ጌታሁን። ስሙን ሙሉውን መጻፍ ቀለም ማባከን ስለሚመስለኝ ጌ. ይበቃዋል። በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ምክንያት? “እንደ ወይን እያሸተትሽ ነጥብ ትሰጪኛለሽ” አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ የተገለጠለት ይኼ ነው። ካራ ኮንዶሚኒየም ተከራይቷል። ፍቺ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እሱም የማኅበሩ አባል ነው፤ ትራንዚተር ስለሆነ እንዲያውም ግማሹ ጠርሙስ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ከጥር ወዲህ ማንም ሳይነግረን እየተፈራረቅን ነው የምንሄደው፣ አንድ ወር እሱ፣ አንድ ወር እኔ። ጳጉሜ 3 ግን አንድ ናት።

እሄዳለሁ። ደስ ካላለው እሱ ይቅር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21 — ሱቅ

ሱቄ ያለበት ሲግናል ጭቃ ብቻ። መነፅር የሚገዛ ሰው በዚህ ዝናብ ከቤቱ አይወጣም። ጠዋት የመጣችው አንድ ሴት ብቻ ናት፤ ያለ የሌለ ፍሬም አስወርዳ፣ ሞክራ ሞክራ፣ ባሌን ላማክር ብላ ሄደች። ታድላ።

ከምሳ በኋላ ሂሩት መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የልብ ጓደኛዬ ናት፣ ካራ መዋዕለ ሕፃናት አላት፣ ማኅበሩ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለች ሴት እሷ ብቻ ናት። የመነፅሯ እግር ላልቶባታል። እያጠበቅኩላት ጠርሙስ መርጠሽ ጨረስሽ ወይ አልኳት። “እስቲ እናያለን” አለች። ሂሩት በነሐሴ እስቲ እናያለን የምትል ሰው አይደለችም። ከግንቦት ጀምሮ ነው ጆሯችንን የምታደነቁረው፣ ያውም ስለዚያ ማር ማር ስለሚል ጣፋጭ ወይኗ። በየዓመቱ እሱኑ ታመጣለች፣ በየዓመቱ እንስቅባታለን፣ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚያልቀው ጠርሙስ የእሷ ነው። ዛሬ ሻይ እንኳ አልጠጣም ብላ፣ መነፅሯን አድርጋ፣ ዓይኔን ሳታይ ወጣች።

የቴሌግራም ግሩፓችንም ዝም ብሏል። በዚህ ሰሞን ስልኬ ዕረፍት አያገኝም ነበር። ዘንድሮ ሰለሞን የላከው “መልካም ጾም” ላይ ቆሟል። እኔ የሌለሁበት ሌላ ግሩፕ ከፍተዋል፣ እርግጠኛ ነኝ። ወይም ኔትወርክ ይሆናል። የአምስት ሰው ኔትወርክ በአንድ ጊዜ! አንቺም እኮ ትስቂብኛለሽ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23 — ማታ 1፡30

ጋሽ ይልማ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ንስሐ አባት። ጤና ጠየቁ፣ እናቴን ጠየቁ፣ ሱቁን ጠየቁ፤ ከዚያ እሑድ ከምሳ በኋላ ቤት ነሽ ወይ አሉ። ሦስት ሆነን ብቅ ልንል ነው፣ የምናስቸግርሽ ነገር አለን። እነማን? እሳቸው፣ ዶ/ር ብሩክ እና ሰለሞን። ጉዳዩስ? “በስልክ የሚባል አይደለም ልጄ።”

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ለማንም ግልጽ ነው። ሦስት ወንድ፣ እሑድ ቀን፣ በስልክ የማይባል ነገር። ጌ. ሽማግሌ ላከ! ያውም የገዛ ሚዜውን፣ ሰለሞንን ጨምሮ። ለካ ሂሩት የሸሸችኝ ለዚህ ነው። ለካ ግሩፑ ዝም ያለው ለዚህ ነው። ምስጢር ይዘው ነው እንጂ። እኔ ደግሞ ሰው በማማት ሳምንት ሙሉ ኃጢአት ገባሁ።

እምቢ ነው የምላቸው። አንቺ ምስክር ሁኚ። ከጥር እስከ ነሐሴ ሞተሽ ይሆን ወይ ያላለኝ ሰው፣ ጳጉሜ ሲቀርብ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ከበደው? እምቢ። በጨዋ ደንብ፣ ቡና አፍልቼ፣ እምቢ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24 — ከሰዓት 10፡00

መጋረጃ አጠብኩ። ለሽማግሌ አይደለም፣ ቆሽሾ ነበር። በነሐሴ መጋረጃ የሚያጥብ ጤነኛ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ አልደረቀም፣ በካውያ እየተኮስኩ ነው የማደርቀው። ጸጉሬንም ተሠራሁ። ሰኞ ሱቅ ሰው ይመጣል። ሥጋም ገዛሁ። ሥጋ ምን ጊዜም ይበላል።

እምቢ ባልል እንኳ በቀላሉ እሺ አልልም። ሁኔታ አለኝ። አንደኛ፣ ያቺን የነጥብ ነገር በሽማግሌ ፊት ይመልሳት። ነጥብ ሰጥቼው አላውቅም። ብሰጠውም ጥሩ ነጥብ ነበር የምሰጠው። ሁለተኛ ደግሞ፣ ሁለተኛው ጠፋኝ።

እሺ፣ አንቺን ምን ልዋሽሽ። ናፍቆኛል። ጠዋት ጠዋት የሚያስለው ሳል እንኳ ሳይቀር ናፍቆኛል። ቡሽ ሲነቀል ድምፁን ሰምቶ፣ ቤቱ ውስጥ የትም ይሁን የት፣ ብርጭቆ ይዞ ብቅ የሚለው ነገር ናፍቆኛል። ከጥር ጀምሮ ጠርሙስ ስከፍት በሩን ነው የማየው። ይኼን ለሂሩትም አልነገርኳት።

ከደረጃ ሥር የሠርጋችንን ጠርሙስ አወጣሁት። ጋሽ ይልማ ናቸው የሰጡን። ያኔ አየር መንገድ ነበሩ፣ የበረራ አስተናጋጅ ሆነው። ከፓሪስ ይዘውት መጡ፣ ስታረጁ ክፈቱት ብለው መርቀው ሰጡን። እርጅና መቼ ነው እየተባባልን እስከ ዛሬ ቆየ። አቧራውን ጠረግኩ። ነገ እከፍተዋለሁ። ለሌላ ለየትኛው ቀን ይቀመጣል?

እሑድ፣ ነሐሴ 25 — ማታ 12፡30

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ሦስቱም ኮት ለብሰዋል፣ ጋሽ ይልማ ከላይ ነጠላ ደርበዋል። ግቡ አልኩ፣ ገቡ። ተቀመጡ አልኩ፣ አልተቀመጡም። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ የለመነው ሳይሰማለት አይቀመጥም። ጋሽ ይልማ እጃቸውን ፊት ለፊት አጣምረው፣ “ልጄ፣ እሺ ካላልሽን አንቀመጥም። እንደቆምን እንመለሳለን” አሉ። ሰለሞን አንገቱን ደፍቷል። ዶ/ር ብሩክ የታጠበ መጋረጃዬን ያያል።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እንደ ሙሽራ አፈርኩ። ስለማመደው የሰነበትኩት እምቢታ የት እንደገባ እንጃ። እሺ አልኩ። ምን እንደሆነ ሳልሰማ። ሰለሞን “ከልብሽ ነው?” አለኝ፣ ከልቤ ነው አልኩ። ጋሽ ይልማ ደግመው ጠየቁኝ፣ ደግሜ እሺ አልኩ።

ተቀመጡ። ቃልሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ይባርከው ተባልኩ፣ አሜን አልኩ። ወጡን አቀረብኩ። ጠርሙሱን ከፈትኩ፤ ቡሹ አርጅቶ ተፈረፈረ፣ በሻይ ማጥለያ አጠለልኩት። ጋሽ ይልማ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ። “ትንሽ አልፎበታል፣ ግን ጨዋ ወይን ነው” አሉ። የሰጡን እሳቸው መሆናቸውን አላወቁትም። አልነገርኳቸውም። ጌ. ሲመጣ አብረን እንስቅበታለን ብዬ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ነው ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

የለመኑኝ እንድቀር ነው። ጳጉሜ 3፣ ለዘንድሮ ብቻ፣ እንድቀር። ጌ. እሷ ካለች አልመጣም ብሏቸዋል። ተጎድቷል፣ ከስቷል፣ እንቅልፍ የለውም። ዶ/ር ብሩክ “ማሂ፣ ስፔስ ያስፈልገዋል፣ ሪስፔክት እናድርግለት” አለ። የጥርስ ሐኪም ነው፣ ልብም እንደሚያክም ዛሬ አወቅኩ። ሰለሞን፣ “አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ትችዪዋለሽ። እሱ ግን ይሰበራል” አለኝ። ጋሽ ይልማ ደግሞ ቃል ሰጥተሽናል፣ እግዜር ይስጥልን አሉ።

ምን አደረግኩ? ብርጭቋቸው ጎደለ፣ ሞላሁላቸው። ዶ/ር ብሩክ ወጥ ጨመረ። ጠርሙሱን ጨርሰው ተነሱ። በር ላይ ጋሽ ይልማ ግንባሬን ሳሙኝ፣ አስተዋይ ልጅ ብለው።

በሩን ዘግቼ ኩሽና ወለል ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ስለ ጳጉሜ አይደለም። ታርቄ ነበር እኮ። ወጡን እስካቀርብ፣ ወይኑን እስክቀዳ ድረስ እኔ ከባሌ ጋር ታርቄ ነበር። ለማን ይነገራል ይኼ?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27 — ኮተቤ፣ እናቴ ቤት

ሱቅ አልከፈትኩም። በታክሲ እናቴ ጋ መጣሁ። እሷ ተኝታለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ተናድጄ ነው የነቃሁት፣ ተናድጄ ነው የዋልኩት። ሽማግሌ! እኔ የማውቀው ሽማግሌ የተጣላ ሲያስታርቅ፣ ደም ሲያደርቅ ነው። ሰው ከማዕድ እንዲነሳ ሽማግሌ የሚላክበት አገር የት ነው? ያውም አስቀድመው እሺ አስብለው። እነሱም አውቀው ይሁን ሳያውቁ አላውቅም። ሳስበው ያወቁ አይመስለኝም፤ ነገር ማለስለሻ ሌላ መንገድ አያውቁም፣ ኮት ለበሱ፣ ቆሙ፣ በቃ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር የሚመጣ መስሎኝ እየተሽኮረመምኩ እሺ አልኩ። ማን ላይ ልናደድ? ለሰው ሞት አነሰው።

ለእናቴ ግማሹን ነገርኳት። ማኅበሩ እንዳልመጣ ሽማግሌ ላከብኝ፣ ሳልሰማ እሺ አልኩ፣ ብሄድስ አልኳት። ማኅበርተኛ በሽማግሌ ሲባረር ሰምታ አታውቅም፣ አማተበች። ግን ፈረደችብኝ። “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” አለች ቆፍጠን ብላ። የወለደችው እኔን መሆኑን የረሳችው ይመስለኛል።

አልሄድም። የምቀረው ግን ጠንካራ ስለሆንኩ አይደለም። ይኼን ቃል ሁለተኛ የሚለኝ ሰው ቢኖር እንጃ። ጠንካራ ነሽ ማለት ያንቺን ድርሻ ለሌላ እንስጥ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30 — ማታ 2፡00

ጌ. ሱቅ መጣ። ራሱ፣ በእግሩ።

ከስቷል፣ እውነታቸውን ነው። ሸሚዙ አልተተኮሰም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም። አንዱን ፍሬም አንስቶ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል። አመሰግናለሁ አለኝ። አንቺ ስትረጂኝ ሁሌም እንዲህ ነሽ አለኝ። ሁሌም እንዲህ ከሆንኩ ለምን ሄድክ አላልኩትም። ደንበኛ ነበረ።

ደንበኛው ሲወጣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለ። ከደረጃ ሥር ያለችውን የሠርጋችንን ጠርሙስ። የዘንድሮ ጠርሙሱ አድርጎ ሊያቀርባት ነው። ስለ እሷ የምናገረው ብዙ ነገር አለኝ አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አዲስ አይደለም፣ የዓመቱ አይደለም፣ ማኅበሩ ያረጀ ነገር ይዞ መምጣት ይከለክላል ማለት ዳር ዳር አለኝ። ከዚያ ቀጥ ብዬ ነገርኩት። ሽማግሌዎችህ ጠጡት አልኩ። ቀልድ መሰለው። እሑድ ዕለት ከፈትኩላቸው፣ ጨርሰው ሄዱ አልኩ። እጁ ላይ ያለውን ፍሬም አስቀመጠ።

ባዶውን ልስጥህ አልኩት፣ መስደቤ ነበር። “አዎ፣ ስጪኝ” አለ።

ከሥራ በኋላ ቤት መጣ። ጠርሙሱን አጥቤ በፌስታል አድርጌ በር ላይ ሰጠሁት። ደረጃው ላይ ቆመ። ዝናብ እያካፋ ነበር። ግባ አላልኩትም፣ ልግባም አላለኝም። የሆነ ነገር የሚል መሰለኝ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ደህና እደሪ ብሎ ወረደ። እኔ ግን እስከ አጥሩ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3 — ኮተቤ፣ ማታ 12፡00

ሩፋኤል። ከጠዋት ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች በዝናቡ እየተጠመቁ ይጮኻሉ። እናቴም እጇን በመስኮት አውጥታ ፊቷን አበሰች፣ የእኔንም አበሰችልኝ። በረደኝ።

አሁን ጋሽ ይልማ ቤት ጋዜጣ እየተቀደደ ነው። ምድጃው እሳት አለው፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል። ዶ/ር ብሩክ በስልኩ አፕ የወይኑን ነጥብ እያሳየ ነው፣ ሰው ምላሱን ትቶ ስልኩን እንዲያምን። ጋሽ ይልማ ያንኑ በየዓመቱ የሚያመጡትን የፈረንሳይ ወይናቸውን፣ ሌሎቹም እንዳላወቁባቸው ሆነው። ሂሩት ማሯን። እኔ አልጋ ላይ እናቴ አጠገብ።

ልማድ ሆኖብኝ የዝዋዩን ቀይ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር የመጣሁት። ከፈትኩት። እናቴ ምንድን ነው አለች፣ ወይን ነው አልኳት፣ ቅመሺና ፍረጂ። በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁላት። ጎንጨት አደረገች፣ ፊቷን ቋጠረች። ይጎመዝዛል አለች። ሌላስ? ሌላም ይጎመዝዛል። ተነስታ ስኳር ጨመረችበት፣ አማሰለች፣ አሁን ደህና ነው አለች። ከሰባት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪያንቀኝ ሳቅኩ።

ስትጠጣ ልቧ ተከፈተ መሰለኝ፣ ያ ማኅበርሽ የገብርኤል አይደለም አይደል አለችኝ። ደነገጥኩ። “ከጽዋ ማኅበር የሚመጣ ሰው ዳቦ ይዞ ይመጣል። አንቺ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቡሽ ነው ኪስሽ ውስጥ የማገኘው” አለች። ለምን ዝም አልሽኝ አልኳት። ደስ ብሎሽ ትመጪ ነበራ፣ አለች። ይኼን ስትለኝ ዕንባዬ መጣ። እውነት ነው፣ ደስ ብሎኝ እመጣ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4 — ሱቅ፣ ጠዋት

ሂሩት ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አልቻልኩም፣ ልንገርሽ ብላ ገባች። የነገረችኝን እጽፋለሁ፣ አስተያየት አልሰጥም። እሰጣለሁም።

የጌ. ተራ የመጨረሻ ነበር። ብርጭቆ አታቅርቡ አላቸው። ተነስቶ ጋዜጣውን ቀደደ። ባዶ ጠርሙስ። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ መናገር ጀመረ። ይህን ጠርሙስ ጋሽ ይልማ በሠርጋችን ቀን ሰጡን፣ ማህሌት እንዳይናወጥ ብላ ከደረጃ ሥር በፎጣ ጠቅልላ አኖረችው፣ ቤት ስንቀይር እንኳ በመኪና ላይ አልጫነችውም፣ ታቅፋው በእግሯ ሄደች አለ። እውነት ነው፣ ታቅፌው ሄጃለሁ፤ ረስቼው ነበር። ይኼው ባዶ ሆነ፣ እኔም እንዲሁ ባዶ ነኝ አለ። አለቀሰ። ሰለሞን አለቀሰ። ጋሽ ይልማ ጠርሙሱን ያኔ አወቁት፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ሂሩትም አልቅሳለች፣ ዓይኗ አሁንም አብጧል።

አሸነፈ። ቆመው ነው ያጨበጨቡለት። የዓመቱ ምርጥ ጠርሙስ፣ ጠብታ የሌለበት።

ሂሩት አቅፋኝ “ይወድሻል እኮ ማሂ፣ ብታዪው!” ትለኛለች። አላየሁም። እንዳላይ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ለምን እንደከፈትኩት የጠየቀ ሰው ነበር? አሥራ ስድስት ዓመት ያቀፍኩትን ጠርሙስ በምን ምክንያት፣ ለየትኛው ደስታ ብዬ በዚያ እሑድ እንደከፈትኩት? ሂሩት አሰበች። ከጠጡት ከሦስቱ ሰዎች አንዱ እንኳ? አልጠየቀም። ጌ. ራሱ? አልጠየቀም። ሂሩት ያኔ ነው የገባት፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ተነስቼ መስተዋት መወልወል ጀመርኩ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 5 — ከሰዓት 11፡30

ጋሽ ይልማ ደወሉ። ድምፃቸው ዛሬ የሠርግ ነው። ነገ ለእንቁጣጣሽ ሦስት ሆነን እንመጣለን አሉ። በስልክ የሚባል ነው ወይ አልኩ። ሳቁ። ዛሬስ ይባላል ልጄ፣ ዕርቅ ነው፣ ጌታሁን ልኮናል፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ ብሏል አሉ። እሺ በይንና እኛም ደስ ይበለን።

ከነሐሴ 23 ጀምሮ የጠበቅኩት ቃል ነው። ከጥር ጀምሮ ነው እንጂ። ይኼው መጣ። ልቤ ሲዘል ጠበቅኩት። አልዘለለም። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ውጪውን አየሁ፤ ልጆች አበባ እየሳሉ ነው፣ ነገ ሊያዞሩት።

አይምጡ አልኳቸው።

አልሰሙኝም መሰለኝ፣ ደገምኩት። “ሽማግሌ አይመለስም ልጄ፣ ነውር ነው” አሉ። ቀደም ሲል መጥተው ነበር፣ የለመኑኝን ሳልሰማ እሺ አልኩ፣ ቃሌንም ጠበቅኩ፤ እናንተን አላሳፈርኩም አልኩ። አሁን ግን ሰምቼ ነው የምመልሰው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሽማግሌ ናቸው፣ አዘንኩላቸው፣ ግን ቃሌን አላጠፍኩም። በመጨረሻ ምን ብዬ ልንገረው አሉ። “እሺ አላለችም ይበሉት” አልኩ።

ከግሩፑ ወጣሁ። ስሜ ጠፋ፣ በቃ። ፍ/ቤት ክረምቱን ዝግ ነው፤ ጥቅምት ሲገባ ለፍቺ እሄዳለሁ። እናቴ ትቆጣለች፣ ሂሩት ታለቅሳለች። ነገ ኮተቤ ነኝ፣ የተረፈውን ቀይ ከነስኳሩ እንጨርሰዋለን።

እወደዋለሁ ወይ? እወደዋለሁ። ለዚያ ነው ያመመኝ። ያን ሁሉ ነገር፣ ፎጣውን፣ ታቅፌ መሄዴን፣ ባዶነቱን፣ ያውቀው ነበር። ዓርብ ማታ ደረጃዬ ላይ ቆሞ ሳለ ያውቀው ነበር። ዝናብ እያካፋ፣ ጠርሙሱ እጁ ላይ፣ እኔ ፊቱ። ከእኔ በቀር የሚሰማው ሰው አልነበረም፣ የሚያጨበጭብም አልነበረም። ደህና እደሪ ነው ያለኝ።